ለአራት ምርጫ ስማችንን አንብበው ዝም ላሉን ኃላፊ

ለተከበሩ የምርጫ ክልላችን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
በክብር ወንበርዎ ላይ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት፣ የወገብዎን ሕመም መሻል፣ እንዲሁም ባለፈው ዓመት ያሠሩትን የአዲሱን መነጽርዎን ደኅንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የመነጽሩን ነገር ያነሣሁት ለወግ ያህል አይደለም፤ የዓይንዎ ነገር እኔንና ስምንት ባልንጀሮቼን ምን ያህል እንደሚያሳስበን ወደ ታች ሲወርዱ ይረዱታል። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን የሚያስቸግረኝ ደረጃ ስወጣ ብቻ ነው፤ የእርስዎ ቢሮ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ልጄ «አባዬ፣ አንተ ተናገር፣ እኔ በኮምፒውተር ልጻፍልህ» ብላኝ ነበር፤ አመስግኜ እምቢ አልኳት። ፊደሎቼ ትልልቅ ስለሆኑ አሥራ አራት ገጽ ፈጅቶብኛል። እርስዎ ግን የእጅ ጽሑፌን ለማንበብ እንደማይቸገሩ አልጠራጠርም፤ ለዓመታት ለምደውታልና።

ደብዳቤዬ በጋዜጣ ስለሚወጣ፣ የሚያነቡት ሌሎች ሰዎች ግራ እንዳይገባቸው ስለ ምርጫ ክልላችን ጥቂት እንድል ይፍቀዱልኝ። እኛ ከባቡር ሐዲዱ ወዲህና ወዲያ የምንኖር አሥራ ስምንት ሺህ ያህል መራጮች ነን። አካባቢያችን እንደ ሌላው ሰፈር አንዱ እጩ በሺህ በልጦ ሌላው አንገቱን ደፍቶ የሚሄድበት አይደለም። ምልክቱ መሰላል የሆነ ፓርቲ አለ፤ ምልክቱ ጃንጥላ የሆነ ፓርቲ አለ፤ ሁለቱም እኛ ዘንድ ሲመጡ ምግብ አይበላላቸውም። በመጀመሪያው ምርጫ መሰላል በአርባ አንድ ድምፅ አሸነፈ። በሁለተኛው ጃንጥላ በዘጠኝ፣ በሦስተኛው መሰላል በስድስት፣ በአራተኛው ጃንጥላ በሦስት። ዘንድሮ በአምስተኛው ደግሞ ልክ እኩል ሆነው ቁጭ አሉ። ሦስት ጊዜ ተቆጠረ፤ ሦስት ጊዜ እኩል ሆነ። ስለዚህ ከሦስት ሳምንት በኋላ እሁድ ድጋሚ እንድንመርጥ ተወስኗል።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ፉክክር የተጠቀምነው እኛ ነን። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ መሰላሎች አግዳሚ ወንበር አስቀመጡልን። በሚቀጥለው ምርጫ ጃንጥላዎች ጣራ ሠሩለት። ከዚያ መሰላሎች ወንበሩን ቀለም ቀቡት፤ ከዚያ ጃንጥላዎች መብራት አስገቡለት። ዛሬ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አውቶቡስ ቢመጣም አይነሣም። ሁለት ምሁራን ሳይቀሩ መጠይቅ ይዘው ከቤት ቤት ዞረዋል። «አባት፣ የዚህ አካባቢ ሕዝብ ሁልጊዜ እኩል የሚከፈለው ለምን ይመስልዎታል?» ብለው ጠየቁኝ። «ሐዲዱ ይሆናላ!» አልኳቸውና ጻፉት። በኋላ በመጽሐፍ ወጣ አሉ። በዚህ አጋጣሚ ምሁራኑን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሐዲዱ ንጹሕ ነው።

ንጹሕ መሆኑን ያወቅሁት በእርስዎ ቁልፍ መጥፋት ምክንያት ነው፤ ስለጠፋም አመሰግናለሁ። እንደሚያውቁት ሥራዬ ቁልፍ መሥራት ነው። በሦስተኛው ቆጠራ ቀን የተበላሹ ድምፆች የሚቀመጡበት የብረት ቁም ሣጥን ቁልፍ ጠፋብዎትና ሰው ላኩብኝ። መሣሪያዬን ይዤ ሦስት ፎቅ ወጣሁ። የሁለቱ ፓርቲዎች ታዛቢዎች ከኋላዬ ቆመው እጄን እንደ ሌባ እጅ እየጠበቁት ሣጥኑን በአንድ ደቂቃ ከፈትኩት። (ያ ቁልፍ የልጆች መጫወቻ ነው፤ ቢቀየር መልካም ነው።) ጸሐፊዋ «የተበላሹ» ተብሎ የተጻፈበትን ጥቅል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከላይ ባለችው ወረቀት ላይ ዓይኔ አረፈ። ስሜ ነበር! ስሜ ከነአባቴ ስም፣ መጨረሻው ፊደል ላይ ከማደርጋት ጅራት ጋር፣ ከአንዱ እጩ ምልክት አጠገብ ባለችው ጠባብ ሣጥን ውስጥ ተኮራምቶ ተኝቷል።

«ይሄ የኔ እኮ ነው» አልኩ።

«አዎ ጋሼ፣ የእርስዎ ነው» አሉኝ ክቡርነትዎ፣ የጠፋ ጃንጥላ እንደሚመልስ ሰው።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው የተበላሸው? አልቀደድኩት፣ አላቆሸሽኩት።»

«ፈረሙበታ! ስም ያለበት ድምፅ አይቆጠርም። ወይ ኤክስ ነው፣ ወይ የጣት አሻራ ነው። የእርስዎ ሁልጊዜም እዚሁ ነው የሚገባው።»

«ሁልጊዜ ማለት?»

«ከሁለተኛው ምርጫ ጀምሮ ነዋ» አሉኝ ፈገግ ብለው። «እርስዎም፣ የክፍል ጓደኞችዎም።»

ይህችን «የክፍል ጓደኞች» የምትለዋን ነገር ለአንባቢ ላስረዳ። ሟች ባለቤቴ አስተማሪ ነበረች። ከመጀመሪያው ምርጫ በኋላ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለው የዱቄት መጋዘን እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ለትልልቅ ሰዎች ፊደል ማስተማር ጀመረች። አሥራ አንድ ነበርን። ፀጉር አስተካካዩ ነበር፤ ልብስ አጣቢዋ ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት ጠብቆ አንድ ቀን ክፍል ያልገባው ዘበኛ ነበር፤ እኔም በሃምሳ አምስት ዓመቴ ከኋላ አግዳሚ ላይ ነበርኩ። ባሏ ነኝ ብላ ያዳላችልኝ ነገር የለም። «አንተ ከኋላ፣ ዞር በል፣ አትኮርጅ!» ትለኛለች፤ ቤት ስንገባም አላባራችም። ሁላችንም ዱቄት ለብሰን ስንወጣ መንገደኛው ገና የተጋገርን ይመስለው ነበር።

በመጨረሻው ቀን እያንዳንዳችንን ጥቁር ሰሌዳው ፊት አስነሥታ ስማችንን አስጻፈችን። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ከዛሬ ጀምሮ ሰው ቀለም አቅርቦ ጣታችሁን ቢጠይቃችሁ፣ እምቢ በሉ። ብዕር አምጣ በሉት። ስም አላችሁ።» እኛም አደራ ብለን ያዝነው። ሌላም ነገር ነግራናለች፦ «ምርጫ የራስ ነው፤ ሣጥን ውስጥ ምን እንደጨመራችሁ እርስ በርሳችሁ አትጠያየቁ።» ይህንንም ያዝነው። ስለዚህ ምርጫ ሲደርስ አሥራ አንዳችንም፣ አንዳችን ለሌላችን ትንፍሽ ሳንል፣ በየተራችን ከመጋረጃው ጀርባ ገብተን፣ በወደድነው እጩ ትይዩ ምላሳችንን ነክሰን ስማችንን አሳምረን ጻፍን። ጣትና ኤክስ ስሙን መጻፍ ለማይችል ሰው የተተወ ነው ብለን ነበር። የሚችል ሰው ምን ሲል ጭረት ይጭራል? እሷም ሳታውቅ ሞተች፤ እኛም ሳናውቅ ኖርን።

ከቢሮዎ ስመለስ ሱቄ በር ላይ በጠመኔ ጻፍኩት። በሁለተኛው ምርጫ ልዩነቱ ዘጠኝ፣ እኛ አሥራ አንድ። በሦስተኛው ልዩነቱ ስድስት፣ እኛ አሥራ አንድ። በአራተኛው ልዩነቱ ሦስት፣ እኛ አንድ ሞቶብን አሥር። ዘንድሮ እኩል፣ እኛ ደግሞ ሌላም ሞቶብን ዘጠኝ። እንግዲህ ይህንን የምክር ቤት ወንበር አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዝ የኖረው ሐዲዱ ሳይሆን የዱቄት መጋዘኑ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ማን ለማን እንደፈረመ እኔ አላውቅም፤ ጓደኞቼም አያውቁም። በዚህ ምድር ላይ የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ክቡርነትዎ ነዎት።

ስለሆነም ምስጋናዬንና ቅር ያሰኘኝን ነገር አንድ ላይ፣ በቁጥር፣ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ። ፊርማዬን ስላነበቡልኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ባንክ ቤት «አይነበብም» ይሉኛል፤ እርስዎ ግን አራት ጊዜ አንብበው፣ የማን እንደሆነ ለይተው፣ በክብር አስረውና አሽገው አስቀምጠውልኛል። በእነዚህ አሥራ አምስት ዓመታት ለቤትዎ፣ ለመኪናዎና ለአማትዎ ጓዳ ቁልፍ ሊያስቀርጹ ሱቄ ያልመጡበት ዓመት የለም። ሁልጊዜም «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ?» ይሉኛል። ሰላምታው ላይ «ሲመርጡ ግን አይፈርሙ» የምትል ሦስት ቃል ቢጨምሩበት ምላስዎ ይደክም ነበር ብዬ አላምንም። ለምን እንዳልነገሩኝ ስጠይቅዎ የሰጡኝን መልስ አልረሳውም፦ «ጋሼ፣ የሰው ድምፅ ምስጢር ነው፤ እንዴት ብዬ አወራዋለሁ?» ምስጢሬን ከራሴ ስለደበቁልኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። እንደዚህ ያለ ታማኝ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?

ሁለተኛ። «መመሪያው እኮ በትልቁ ተለጥፏል» ብለውኛል። ሄጄ አየሁት፤ እውነትም ትልቅ ነው፣ ፊደሉም ያምራል። የተለጠፈው በምርጫ ጣቢያው በር ላይ፣ በውስጥ በኩል ነው። በሩ ሲዘጋ ከውስጥ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይቻላል። በምርጫ ቀን ግን በሩ ወደ ውስጥ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ መመሪያውን የሚያነበው ግድግዳው ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሲያነብ የኖረ ግድግዳ ዛሬ ያለ አንዳች ስህተት መምረጥ እንደሚችል አልጠራጠርም።

ሦስተኛ። በአራተኛው ምርጫ በሦስት ድምፅ የወደቀው የመሰላሉ እጩ ውጤቱ በተነገረ ዕለት ሱቄ ፊት ለፊት ቆሞ «ሦስት ሰው! ሦስት ሰው ከየት አጣሁ?» እያለ ሲያለቅስ ወንበር ያወጣሁለትና ውኃ የሰጠሁት እኔ ነኝ። «አይዞህ፣ የሕዝብ ፍርድ ነው» ብዬ አጽናናሁት። አሁን ሳስበው ያጽናናሁት በማላውቀው ነገር ነው። ይህንን ውሸት ያለ ፈቃዴ ስላስዋሹኝ፣ ሰውየውን ባገኙት ጊዜ በእኔ ስም ይቅርታ ይጠይቁልኝ። ውኃው ግን ውኃ ነበር።

አራተኛ። ይህች አጭር ናት። በመጀመሪያው ምርጫ ስሜን መጻፍ አልችልም ነበር፤ ጣቴን ቀለም አስነክቼ መረጥኩ፣ ድምፄም ተቆጠረ። ከተማርኩ በኋላ ተበላሸ። ይህንን ወሬ ትምህርት ቤት ለሚሄዱ ልጆች እንዳይነግሩብኝ አደራ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ነገሩን እንዳወቅሁ የቀሩትን ስምንቱን ፀጉር ቤት ሰብስቤ ነገርኳቸው። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ፤ ወንበሩ ላይ የነበረው ደንበኛ ግማሽ ራሱ ተቆርጦ ግማሽ ራሱ ሳይቆረጥ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። «እኔ እኮ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ‹ሰውየውን ምክር ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ› ስለው ነው የኖርኩት!» ልብስ አጣቢዋ አፏን ያዘች። «እኔማ ጉዴ ነው፤ እንዲያምር ብዬ ከስሜ ጎን አበባ ስዬበታለሁ!» ዘበኛው ኮስተር ብሎ «እኔ ከነማዕረጌ ነው የጻፍኩት» አለ። «የምን ማዕረግ?» ቢባል፣ «ዋና ዘበኛ ነዋ!» አለ። ክቡር ሆይ፣ በጣም ሳቅን። ግማሽ ራስ ያለው ደንበኛም አብሮን ሳቀ።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ጠብ ሆነ። ለድጋሚው ምርጫ ምን እናድርግ? ዘበኛው «እኔ ቃል ገብቻለሁ፤ ቢቆጠርም ባይቆጠርም እፈርማለሁ» አለ። እኔ ከእሱ ብሼ «ሚስቴ የሰጠችኝን ስም ትቼ እንደ መሃይም ጭረት አልጭርም! ኃላፊው ደንቡን ይቀይር!» ብዬ ጠረጴዛውን ደበደብኩ፤ የመላጫው አረፋ ተደፋ። ፀጉር አስተካካዩ አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ አረፋው ያያል። ሌሎቹ «ደንቡ ኤክስ ካለ ኤክስ እናድርግ» አሉ። አራት ለአራት ተከፈልን፤ እንደ ልማዳችን። ልብስ አጣቢዋ ብቻ ቀረች።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ፤ በእድሜ ታላቋ ነኝ፣ እሷ ግን አንቱ ብላኝ አታውቅም። «እትዬ ስም ያስያዘችን ከሰው እንድንቆጠር ነው ወይስ ከተበላሸ ጋር እንድንታሰር? በሕይወት ብትኖርና ያንን ጥቅል ብታይ፣ ‹ጎሽ፣ አደራዬን ጠበቃችሁ› የምትል ይመስልሃል? በአለንጋ ነበር የምታባርርህ፣ መጀመሪያ አንተን! አሥራ አምስት ዓመት በብዕር ዝም ብለናል፤ አሁን በጭረት እንናገር።»

መስተዋቱ ውስጥ ስምንት ሰው እኔን እኔን ያየኛል። ሌላ የማደርገው ሲጠፋኝ ከደንበኛው ጎን ባለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀምጬ «ፀጉሬን ቁረጠኝ» አልኩት። ፀጉር አስተካካዩም ፎጣውን አለበሰኝ። ባለፈው ሳምንት ነበር የተቆረጥኩት።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ደንቡን እንዲቀይሩ አይደለም፤ ያንን ሐሳብ እዚያው ፀጉር ቤት ትቼዋለሁ። የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ያንን ያማረ ወረቀት ነቅለው በሩ በተከፈተ ጊዜ ሰው በሚያየው በኩል ይለጥፉልን፤ ማስቲሹን እኔ አመጣለሁ። ሁለተኛም፣ በዚያ ጥቅል ውስጥ ከእኛ ከዘጠኙ ሌላ ስሙን የጻፈ ሰው ካለ፣ እርስዎ ያውቁታልና ቤቱ ድረስ ሄደው ይንገሩት። ሲገቡ ምን እንደሚሉ ከቸገረዎት «እንደምን ሰነበቱ» ይበሉና ይቀጥሉ።

እኛ ወስነናል። በእሁዱ ምርጫ ዘጠኛችንም ኤክስ እናደርጋለን። ዘበኛው ሳይቀር እሺ ብሏል፤ ጣቴን አልሰጥም፣ በብዕር ከሆነ ግን ይሁን ብሎ። እኔም ቤቴ ተለማምጃለሁ፤ ለሰባ ሦስት ዓመት ሰው ሁለት ጭረት ማቋረጥ ያን ያህል ከባድ አይደለም፣ ጅራት ላድርግበት የሚለውን እጄን መያዝ ነው ጭንቁ።

ወሬው ከተሰማ ወዲህ ደግሞ ሁለቱም እጩዎች ወዳጆቼ ሆነዋል። የመሰላሉ እጩ አንድ በር ላለው ቤቱ ሰባት ቁልፍ አስቀረጸኝ። የጃንጥላው እጩ ማንኛውንም በር የማይከፍት ቁልፍ አምጥቶ «ለማስታወሻ አሳምርልኝ» አለኝ። ሁለቱንም «እናያለን» ብዬ ሸኘኋቸው።

የሚያሳዝነኝ እርስዎ ነዎት። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ አገር የእኔን ልብ ሳልነግረው የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። ከእንግዲህ አይኖርም። እሁድ አመሻሹ ላይ መነጽርዎን ወልውለው ወረቀቶቹን ሲዘረጉ አሥራ ስምንት ሺህ ኤክስ ያገኛሉ፤ ከመካከላቸው አንዷ የእኔ ናት። ይፈልጓት። ሁሉንም አገላብጠው ይዩ፣ ጭረቱን ይለኩ፣ ቀለሙን ያሽትቱ። ማንን እንደመረጥኩ አያውቁም፤ ግን ይቆጥሯታል።

ሦስት ፎቅ ከመውጣት በቀር ለክቡርነትዎ ማንኛውንም ነገር ለማድረግ ዝግጁ የሆንኩ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ወገብዎ እንዲቃና፣ ቁልፍዎ ዳግመኛ እንዳይጠፋ ከስምንት ባልንጀሮቼ ጋር የምመኝ፣ አክባሪዎ ቁልፍ ሠሪ ነኝ። ስሜን በደንብ ስለሚያውቁት መድገም አላስፈለገኝም።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህንን ደብዳቤ መጀመሪያ በእጅዎ ላስገባ መጥቼ ነበር። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ በትሕትና ተቀብላ ገጾቹን ቆጠረችና፣ «አባባ፣ ቅሬታ ማስገባትዎን ለማረጋገጥ እዚች ጋ ጣትዎን» አለችኝ። «ልፈርም» አልኳት። «ፎርሙ ላይ የፊርማ ቦታ የለም» አለችኝ፤ የእሷ ጥፋት አይደለም። አሥራ አራት ገጼን ይዤ ወርጄ ጋዜጣው ቢሮ ሄድኩ። እዚያ ያገኘሁት ሰው ከኪሱ ብዕር አውጥቶ «አባት፣ እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» ሲለኝ፣ ክቡር ሆይ፣ ደስ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ፈረምኩ። አንዱ ለእርስዎ ነው፤ እንደፈለጉ ያድርጉት።